ከቤቱ በፊት ጎረቤቷን አየሁ

ልጄ ሆላንድ አገር፣ ሮተርዳም ውስጥ አረጋውያንን እያጠበች፣ እያጎረሰች ኖራ፣ ጡረታ ስትወጣ የምታርፍበት ቤት ጣሊያን ገጠር አገኘች። «እማዬ፣ አብረሽኝ ካልኖርሽ አልገዛውም» ብላ ቤቱን እንዳይ ይዛኝ ሄደች።

ቤቱ ኮረብታ ላይ ያለ የድንጋይ ቤት ነው፤ ከግርጌው ወይራ ሞልቷል። እሷ ከሻጩ ጋር ጣሪያና ቧንቧ ስትመረምር፣ እኔ እግሬ አላስቀምጥ ብሎኝ ወደ ጎረቤት ዘለቅሁ። እኛ አገር ቤት የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ጎረቤቱ ነው። አንዲት እኩያዬ ደጃፏ ላይ የባቄላ እሸት ትፈለፍላለች። ቋንቋዋን አላውቅም። ዝም ብዬ አጠገቧ ተቀመጥሁና እፍኝ አንስቼ አብሬያት መፈልፈል ያዝሁ። ምንም ሳይገርማት ሳህኑን ወደ መሃላችን ገፋ አደረገችው። እንዴት ያለች ሴት ናት አልሁ በልቤ። ሮተርዳም እኮ ጎረቤት ቤት የሚገባው በቀጠሮ ነው።

ልጄ ፈልጋ ፈልጋ አገኘችኝ።

«እማዬ፣ ቤቱን ሳታዪ እዚህ ባቄላ ትፈለፍያለሽ?»

«ቤቱን አንቺ እዪው። የኔን አይቻለሁ።»

«እና ትኖሪበታለሽ?»

አፌን ሳልከፍት ሴትዮዋ የአንገቴን ሻሽ ሳብ አድርጋ ከፈለፈልነው ግማሹን ቋጥራበት ሰጠችኝ። ልጄ ቋጠሮውን አየት አደረገችና እየሳቀች ዋጋ ልትነጋገር ወደ ሻጩ ተመለሰች።