በናግያ ወረቀት

በእንጨት ሥራዋ በምትታወቀው የግብፅ ከተማ በዱምያጥ ሰው የሚመዘነው ከአንድ ግንድ ስንት ወንበር እንዳወጣ ነው። በዚህ ደግሞ ጠራቢው አብደልሙቲን የሚስተካከለው አልነበረም። ከአልጋ ራስጌ የተረፈውን ቁራጭ ለመስታወት ጠርዝ፣ ከዚያ የተረፈውን ለመሳቢያ እጀታ ያደርገዋል፤ ሰጋቱራውን ሚስቱ ኢንሳፍ ለምድጃ ትወስደዋለች። ጎረቤቶቹ "አብደልሙቲ እኮ ገዢ ቢያገኝ ጥላውንም ጠርቦ ይሸጣል" እያሉ ያሾፉበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ ምርቃት እንጂ ስድብ አይመስለውም። ሰውዬው ክፉ አልነበረም። የተረፈ ነገር ሲጣል ማየት አይችልም፣ በቃ።

የመጀመሪያ ልጃቸው ናግያ ሁለት ዓመቷን እንደ ደፈነች በበጋው ትኩሳት ሞተችባቸው። ኢንሳፍ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች። የኢንሳፍ ወንድም በሚኖርበት መንደር፣ በዚያው ሌሊት፣ ያለ ሐኪም ወረቀትና ያለ ፈቃድ ቀበሯት። ጉድጓዱን የቆፈረው ወንድሟ ራሱ ነው። ሕፃን ሲሞት ማን ጽሕፈት ቤት ይሄዳል?

ናግያ በሞተች በስድስተኛው ወር ዊዳድ ተወለደች። በሳምንቱ ኢንሳፍ ባሏን "ልጅቷን አላስመዘገብካትም እንዴ?" ብላ ጠየቀችው።

"ወረቀት አለን አይደል እንዴ? የናግያ የልደት ወረቀት አለ። እሷም ሴት፣ ይቺም ሴት። ለሰልፍ ብዬ የአንድ ቀን ሥራ ልፍታ?"

ኢንሳፍ ዝም አለች። አራስ ናት፣ ደክሟታል፣ ጡቷ ቆስሏል። ደግሞም ወረቀት ምን ያደርጋል ብላ አሰበች፤ እሷ ወረቀት አንብባ አታውቅም። ያቺን ዝምታ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ለራሷ ይቅር አላለችም።

ስድስት ዓመት ሙሉ ነገሩ ማንንም አልከነከነም። ልጅቷ ለሰፈሩ ሁሉ ዊዳድ ናት፤ ኢንሳፍም "ኡም ዊዳድ"፣ የዊዳድ እናት፣ እየተባለች ትጠራለች። ጡረታ የወጡት መምህር ኡስታዝ ፈህሚ በየዕለቱ ወርክሾፑ እየመጡ ሻያቸውን ሲጠጡ፣ ለልጅቷ በሰጋቱራው ላይ በጣታቸው ፊደል ይጽፉላታል። በአምስት ዓመቷ አይብ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ማንበብ ጀመረች። ወዲያው ደግሞ ቡናማ ሽርጥ ለብሰው ትምህርት ቤት የሚሄዱትን ሴት ልጆች በመስኮት ማየት ያዘች።

"እማ፣ እኔ ለምንድን ነው የማልሄደው? ምን አጠፋሁ?"

ኢንሳፍ ወረቀቱን በጡቷ ሥር ሸጉጣ፣ ልጅቷን ይዛ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤቱ ሄደች። ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን አየ፣ ልጅቷን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ።

"ናግያ አብደልሙቲ፣ ስምንት ዓመት ተኩል። እስካሁን የት ደብቃችሁ ነው ያቆያችኋት? ደግሞስ ምን ብታበሏት ነው እንዲህ የቀጨጨችው?"

"የእኔ ጌታ፣ ክፍል ውስጥ ዊዳድ ብትሏትስ? እቤት የምንጠራት እንደዚያ ነው።"

"እናቴ፣ እዚህ በአንድ ክፍል ስልሳ አምስት ልጅ አለ። በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ነው የሚቀመጡት። ለእያንዳንዱ የቤት ስሙን ፈልጌ ልጥራ? እኔ የምጠራው የተጻፈውን ነው።"

ኢንሳፍ ልጅቷን እጇን ይዛ ወጣች። ስልሳ አምስቱ አላስፈሯትም፤ እሷ ያደገችው በአንድ አልጋ ላይ ከአራት እህቶቿ ጋር ተጋፍታ ነው። የፈራችው ስሙን ነው። በሕይወት ያለችን ልጅ በየማለዳው በሟች ስም መጥራት ሟቿን እንደ መጣራት ነው ብላ ታምናለች። ናግያ ስትጠራ ብትመጣስ? መጥታ እህቷን ይዛት ብትሄድስ? ለባሏ ብትነግረው ይስቅባታል። ስለዚህ ሁሉን በሆዷ ያዘችው።

"የመነኮሳቱ ትምህርት ቤት እንውሰዳት፣ እዚያ ልጆቹ ጥቂት ናቸው" አለችው።

አብደልሙቲ ለአንድ ሰዓት ያህል ስለ ክፍያው ሲነጫነጭ ቆየና፣ በመጨረሻ መደገፊያው በወይን ሐረግ የተቀረጸ ወንበር ተሸክሞ አብሯት ሄደ። ዋና አስተዳዳሪዋ መነኩሲት ወንበሩን አመስግና ተቀበለች። ከዚያ ዊዳድን ፊቷ አቁማ "አፍሽን ክፈቺ" አለቻት። የፊት ጥርሶቿ ገና መውለቃቸው ነው፤ ድዷ ባዶ ነው።

"ይህች ልጅ ስምንት ዓመቷ አይደለም" አለች መነኩሲቷ።

ኢንሳፍ አላስቻላትም። ባሏ ክንዷን እየጎነተላት ሁሉንም ዘረገፈችው። መነኩሲቷ እስከ መጨረሻው ሰማቻትና እጇን ያዘቻት።

"ልጄ፣ እኛ በፈለግሽው ስም ልንጠራት እንችላለን። መዝገባችንን ግን ተቆጣጣሪ ይመጣና ያየዋል። ወረቀቷን አስተካክላችሁ አምጧት፤ ቦታዋን እጠብቅላታለሁ።"

ሲመለሱ አብደልሙቲ የወንዙ ዳር ላይ ድንገት ቆመ።

"አስተካክሉ! ለእሷ ቀላል ነው። ምን ብዬ ላስተካክል? 'ልጄን ያለ ፈቃድ ቀበርኩ፣ በወረቀቷ ሌላ ልጅ አሳደግሁ' ልበል? እኔስ ልታሰር፣ የእጄን ነው። ጉድጓዱን የቆፈረው ማነው? ወንድምሽን ከነአምስት ልጆቹ ሜዳ ላይ ልጣልልሽ?"

ኢንሳፍ ወንድሟ ያን ሌሊት አካፋውን ይዞ እያለቀሰ ሲቆፍር በዓይኗ አይታዋለች። እሱን ለዳኛ አሳልፋ የምትሰጥበት አንጀት ከየት ታመጣለች?

የቀራቸው እቤት ማስተማር ነበር። ኡስታዝ ፈህሚ ሻያቸውን ፉት እያሉ፣ "ይቻላል እኮ፣ ኡም ዊዳድ" አሏት። "እቤቷ ሆና ትማራለች፤ ደንብ አለው። እኔ አስተምራታለሁ፣ በዓመቱ መጨረሻ ሄዳ ትፈተናለች። ያቺን ጎበዝ ማን ይጥላታል?"

ኢንሳፍ ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቷ ፈካ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤቱ ትምህርት ቤት ሆነ። አብደልሙቲ ሳይቀር ከሳጥን ክዳን ሰሌዳ ሠራላት። ኢንሳፍ ከምድጃው አጠገብ ሆና "ዊዳድ፣ ቀጥይ፤ ዊዳድ፣ እንደገና" ሲባል መስማት አንጀቷን አራሰው። አንድ ቀን ግን፣ ፈርታ ስታስተላልፈው የሰነበተችው ጥያቄ አመለጣት።

"ኡስታዝ፣ ስትፈተን በማን ስም ነው?"

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው በረጅም ጀለቢያቸው ጫፍ ወለወሉ። "በወረቀቱ ነዋ፣ ልጄ። ግን በዓመት ሦስት ቀን ብቻ ነው።"

ኢንሳፍ ሦስቱን ቀን ልትችለው ወስና ነበር። ኡስታዝ ፈህሚ ግን በዚያው ሰሞን በደረቱ ታመሙና ካይሮ ያለች ልጃቸው መጥታ ወሰደቻቸው። ዊዳድ በሰሌዳው ፊት ብቻዋን ቁጭ ብላ ማታ ማታ ታለቅስ ጀመር። ወዲያው ደግሞ ከመንግሥት ትምህርት ቤቱ ማስጠንቀቂያ መጣ፦ ልጅቷ ቅዳሜ ካልቀረበች አባትየው ይከሰሳል። ክስ ማለት ምርመራ ነው፤ ምርመራ ማለት ደግሞ ያቺ መቃብር። ኢንሳፍ ከዚያ ወዲያ የምታማርጠው ነገር አልነበራትም።

ዓርብ ማታ የልጅቷን ጸጉር እየጎነጎነች ነገረቻት።

"ነገ መምህርቷ ናግያ ስትል አቤት በይ።"

"ናግያ ማናት?"

"አንቺ ነሻ። ለትምህርት ቤት ብቻ ነው።"

ዊዳድ ዞራ አየቻት፤ ፊቷ በደስታ በራ። "ሁለት ስም አለኝ ማለት ነው? ከጎረቤቶቹ ልጆች እኮ ማንም ሁለት የለውም!"

ኢንሳፍ ጉንጉኑን ጨርሳ ወደ ጓዳ ገባችና አፏን በሻሽዋ አፍና አለቀሰች።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ሲዘጋ ከሌሎቹ እናቶች ጋር ከብረት አጥሩ ውጭ ቀረች። ሌሎቹ አንድ በአንድ ወደ ገበያቸው ሄዱ። መምህርቷ ግቢው መሐል ቆማ በመዝገቡ መጥራት ጀመረች። ኢንሳፍ እያንዳንዱ ስም በተጠራ ቁጥር ወደ አጥሩ ትጠጋ ነበር።

"ናግያ አብደልሙቲ!"

ማንም አልመለሰም። አዲስ ሽርጧን የለበሰችው ዊዳድ ከሰልፉ ፊት ቆማ እርግብ ታያለች። ረስታዋለች። ኢንሳፍ በልቧ "አትመልሺ፣ ዓይኔ፣ አትመልሺ" አለች።

"ናግያ አብደልሙቲ! የለችም?"

"አቤት!"

ናግያ ከሞተች ወዲህ ያን ስም ጮክ ብሎ፣ መልስ ጠብቆ የጠራው ሰው አልነበረም። አሁን ተጠራ፤ ተጠርቶም አቤት የሚል ተገኘ። ኢንሳፍ ብረቱን በሁለት እጇ ጨበጠች። የጠበቀችው ፍርሃት አልመጣም። ደስ አላት።

ዊዳድ ወደ አጥሩ ዞራ እጇን ታውለበልባለች። "እማ! መለስኩ እኮ! ሰማሽኝ?"

ኢንሳፍ አላየቻትም። ዓይኗ ከኋላው ሰልፍ፣ ስምንት ዓመት ተኩል ከሚሆናቸው፣ ረዘም ረዘም ካሉት ልጆች መካከል አንዷን እየፈለገ ነበር።