በታክስ የሄደ ሽምግልና

ነገሩ የሆነው ካቻምና፣ በለንደን በጋ ነው። ስለ ታክስ ወሬ በተነሳ ቁጥር ትዝ ይለኛል። አውቶቡስ እየነዳሁ ትዝ ካለኝ ደግሞ ብቻዬን እስቃለሁ። ተሳፋሪዎቼ በመስታወት አይተውኝ ምን እንደሚሉ እግዜር ይወቀው።

በዚያ ሰሞን አንድ ትልቅ የሃይማኖት መሪ በመንግሥት ተጋብዞ ወደ እንግሊዝ ሊመጣ ነበር። የየትኛው ሃይማኖት እንደሆነ አልናገርም። ከተናገርኩ ግማሾቻችሁ ገጠመኙን ትታችሁ ከእኔ ጋር ክርክር ትገጥማላችሁ። ዋናው ነገር፣ የጥበቃውና የመስተንግዶው ወጪ በከፊል ከታክስ ከፋዩ ኪስ ይወጣል መባሉ ነው። አገሩ ለሁለት ተከፈለ። ሬዲዮው ላይ፣ ጋራዣችን ውስጥ፣ ፀጉር ቤቱ ጭምር ወሬው ሁሉ እሱ ሆነ።

እኔ "አይከፈልም" ባይ ነበርኩ፣ ያውም ጮክ ብዬ። ምክንያትም አለኝ። እኛ ጴንጤዎቹ ኬኒንግተን የምናመልክበትን አዳራሽ የምንከራየው ከየደመወዛችን አዋጥተን ነው። ማሞቂያው ሲበላሽ ካፖርት ደርበን ዘምረናል። መንግሥት መጥቶ "በረዳችሁ ወይ?" ብሎን አያውቅም። ታዲያ የሌላው መሪ ሲመጣ የእኔ ኪስ ምን አገባው?

ሐጂ ኑረዲን ደግሞ በተቃራኒው ቆሙ። ሐጂ ስትሪትሃም ውስጥ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው፣ ሥራቸው ታክሲ ነው። እነሱም መስጊዳቸውን ያቆሙት አዋጥተው እንደሆነ ያምናሉ፣ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው ይላሉ። ሰውየውን የጠራው አገሩ ነው፣ እንግዳ ጠርቶ ሒሳቡን ለእንግዳው መስጠት የት አገር ያየኸው ነውር ነው ይሉኛል። እኔም የጠራው ይክፈል፣ እኔ መቼ ጠራሁት እላለሁ። ሊፍት ውስጥ የጀመርነው ክርክር መኪና ማቆሚያው ድረስ ይከተለን ነበር።

በዚህ መሀል የናሆም ጉዳይ መጣ። ናሆም የሟች ጓደኛዬ ልጅ ነው፣ በዚህ አገር አባት ሆኜ የቆምኩለት እኔ ነኝ። አብራው መዘምራን ውስጥ የምታገለግለውን ሳራን ሊያገባ ፈለገ። እሷም ፈቅዳለች። ነገር ግን አባቴ ሳይመርቁኝ ከቤት አልወጣም ብላ ቁርጥ አድርጋ ነግራዋለች።

አባቷ አቶ ጌታቸው ዌምብሊ የሚኖሩ የሒሳብ ባለሙያ ናቸው። ሰዓት በማክበር እንግሊዞቹን ያስንቃሉ። መጀመሪያ የላክናቸው ሽማግሌዎች በሐበሻ ልማድ ዘግይተው ቢደርሱ፣ "ሰዓት የማያከብር ቤተሰብ ልጄን አያከብራትም" ብለው ከበር መለሷቸው። ሳራ አለቀሰች፣ እናቷ ለመነች፣ በስንት መከራ ሁለተኛ ቀጠሮ ተገኘ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ተባለ። ያ ካለፈ ሌላ ሽማግሌ አልቀበልም ብለዋል።

ስለዚህ በዚህኛው ዙር ራሴ ለመሄድ ወሰንኩ። ሐጂን ለመንኳቸው፣ ዓይናቸውን ሳያሹ እሺ አሉኝ። ሦስተኛው ጋሽ ተካ ሆኑ፣ የቤተ ክርስቲያናችን አንጋፋ። ጉልበታቸው ደክሟል፣ ምርቃታቸው ግን አልደከመም። ጋሽ ተካ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ ሽማግሌ ነጭ ለብሶ ነው የሚሄደው። እናም በዚያ ሙቀት ሦስታችንም በሱፍ ልብሳችን ላይ ጋቢ ደረብን። ጋሽ ተካ ከዘራቸውን ያዙ፣ ሐጂ ነጭ ቆባቸውን አደረጉ፣ ሐጂ በሚሠሩባት ትልቅ ጥቁር መኪና ውስጥ ገብተን ተነሳን።

መንገድ ላይ ስልቴን ነገርኳቸው። አቶ ጌታቸው በዚያ ጉብኝት ጉዳይ ከእኔ የባሱ ተቃዋሚ እንደሆኑ ከሳራ እናት ሰምቻለሁ። ለምክር ቤት ተወካያቸው ሁሉ ጽፈዋል አሉ። እንግዲህ ወሬውን በታክሱ ከፍቼ ልባቸውን አለሰልሳለሁ፣ ከዚያ ወደ ልጅቷ እገባለሁ። ሐጂን ለዛሬ ብቻ በዚህ ነገር ዝም እንዲሉልኝ ለመንኳቸው። እሺ አሉ። ፈገግታቸው ግን ደስ አላለኝም።

ዌምብሊ ልንደርስ ስንል መንገዱ ተዘግቷል። ለካስ እንግዳው የሚናገረው በዚያ ቀን፣ በዚያው ሰፈር፣ በአንድ ትልቅ አዳራሽ ነው።

አውቶቡስ ነጂ ነኝ። መንገድ ሲዘጋ ከማንም በፊት ማወቅ ነበረብኝ። ግን የሰውየው ነገር በሬዲዮ በተነሳ ቁጥር ተናድጄ እዘጋው ነበር። ማን እንደሚከፍል እንጂ በየት እንደሚያልፍ ጠይቄ አላውቅም። ሐጂ መሪውን በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ በጎን አዩኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከፊታችን የመኪና ሰልፍ፣ ከኋላችን የመኪና ሰልፍ። በእግር እንዳንሄድ የጋሽ ተካ ጉልበት አይፈቅድም። ናሆም ይደውላል፣ እኔ አላነሳም። ምን ልበለው? የአባቱ ፊት ትዝ አለኝ።

ይህን ጊዜ አንዲት ሞተረኛ ፖሊስ በሰልፉ መሀል እየተሹለከለከች መጥታ በመስኮታችን አየችን። ያየችው ጥቁር መኪና ውስጥ ነጭ የለበሱ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ነው፣ አንዱ ከዘራ የያዘ፣ አንዱ ቆብ ያደረገ። ወዲያው ፊቷ በአክብሮት ተለወጠ። ይቅርታ ጠየቀችን፣ እየተጠበቅን መሆኑን ነገረችንና ተከተሉኝ አለች።

ሐጂ ደንግጠው ተከተሏት። መኪናው ሁሉ ጥግ ያዘልን። መከለያው ብረት ተነሳልን። ዳር ላይ የቆመው ሕዝብ እጁን ያውለበልብልን ጀመር። ጋሽ ተካ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ግራና ቀኝ ይባርካሉ። እኔ ፊቴን በጋቢዬ ሸፈንኩ።

የቆምነው በአዳራሹ በር፣ ቀይ ምንጣፍ አጠገብ ነው። ጋሽ ተካ ምንጣፉን በጥሞና አዩና፣ "ይሄ ነው የአቶ ጌታቸው ቤት? እሳቸውስ ሠርተዋል" አሉ።

ያኔ ነው እነማን መስለናት እንዳመጣችን የገባኝ። የሃይማኖት አባቶች ተጋብዘዋል፣ ከእነሱ ቆጥራናለች። እውነቱን ለመናገር ፈራሁ። እንዲህ ያለ ቦታ፣ እንዲህ ባለ ቀን፣ ተሳስተን ነው ብሎ ነገር ማን ያምናል? ሐጂ ግን ወረዱና ሳይንተባተቡ ነገሯት። እኛ የተጠራነው እዚህ አይደለም አሏት። አባቱ ለሞተበት ልጅ ሚስት ልንለምን እየሄድን ነው፣ በአገራችን ወግ እንዲህ ነው የሚጠየቀው፣ እኩለ ቀን ካለፈ ግን አባትየው በራቸውን ይዘጋሉ።

ሴትዮዋ አንድ በአንድ አየችን። እኔ በልቤ ጌታዬ ሆይ፣ ዛሬን አውጣኝ እላለሁ።

"ልጅቷስ ትወደዋለች?" አለች።

ሐጂ፣ "የመጣነው ስለምትወደው ነው" አሏት።

ትንሽ ራቅ ብላ በመገናኛ ሬዲዮዋ ተነጋገረች። ስትመለስ ትልቁ እንግዳ እንደዘገየ፣ ለእኛ የሚሆን ጊዜ እንዳላት ነገረችን። የአቶ ጌታቸውን አድራሻ ጠየቀችንና ሞተሯን አዞረች። የተዘጋውን መንገድ ሁሉ እያስከፈተች፣ ሰማያዊ መብራቷን እያብለጨለጨች ወሰደችን።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ በር በሩ ላይ ወጣ። አቶ ጌታቸውም ክራቫታቸውን አስረው ወጡ፣ ፊታቸው ገርጥቷል። ፖሊሷ ለእኛ እጇን አንስታ ሰላምታ ሰጠችና ሄደች። እኔ ሰዓቴን አየሁ። ደርሰናል።

ገባን። እንደ ወጉ አልተቀመጥንም። ሽማግሌ የመጣበት ነገር እሺ ሳይባል አይቀመጥም። የናሆምን ዘር ሰባት ቤት ቆጥረን ተናገርን፣ ጋሽ ተካ የልመናውን ቃል አሳመሩት። ታክሱን ላነሳ ያሰብኩትን ስልት ግን፣ በፖሊስ ታጅቤ ከመጣሁ በኋላ፣ ተውኩት። አቶ ጌታቸው እስኪበቃን አዳመጡና ስለ ልጁ አንድም ነገር አልጠየቁም።

"ፖሊሷን ከየት አመጣችኋት?" አሉ።

ጋሽ ተካ መዋሸት አያውቁም። ከመንገዱ መዘጋት እስከ ቀዩ ምንጣፍ ሁሉንም ተናገሩ። የአቶ ጌታቸው ፊት እየጠቆረ ሄደ።

"ስለዚህ ለዚያ ጉብኝት የተመደበች ፖሊስ ናት።"

"አዎ" አልኩ። የናሆም ነገር አበቃለት ብዬ ወለሉን ማየት ጀመርኩ። ሳራ ከጓዳው በር ጀርባ እንደቆመች አውቃለሁ።

ይህን ጊዜ ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

"አቶ ጌታቸው፣ እውነት ነው፣ እኛ የመጣነው በእርስዎ ታክስ ነው" አሉ። "ገንዘቡ አንዴ ወጥቷል። አሁን ባዶ እጃችንን ከመለሱን ወጪው በከንቱ ቀረ ማለት ነው።"

አቶ ጌታቸው ሐጂን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የተናደዱ መስሎኝ ነበር። እየሳቁ ኖሯል። ለመቆም እስኪያቅታቸው ሳቁና ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

"በገንዘቤ ከመጡማ ይቀመጡ" አሉ።

እልልታው ከጓዳ ፈነዳ። ተቀመጥኩ፣ እንባዬም መጣ። ጓደኛዬ ቢኖር እሱ ነበር እዚያ የሚቀመጠው።

አሁን ናሆምና ሳራ ትዳር ይዘዋል። እኔና አቶ ጌታቸው አማቾች ሆነናል፣ በዚያ የታክስ ክርክር ግን ሐጂን ለሁለት ገጥመን እንኳ አላሸነፍናቸውም። አቋሜን አልለወጥኩም። ሃይማኖት የራሱን እንግዳ በራሱ ኪስ ይቀበል እላለሁ፣ ድምፄ ግን እንደ ድሮው አይጮህም። ሞተሯንና ነዳጁን ታክስ ከፋዩ ችሎ ይሆናል። "ትወደዋለች?" ብላ እንድትጠይቅ ግን የከፈላት የለም።

ሳራ የሠርጉን ጥሪ ስታዘጋጅ ሦስታችንን አስቀምጣ፣ "የዚያች ፖሊስ ስም ማን ነበር? እሷ ሳትጠራ አይሆንም" አለችን። እርስ በርሳችን ተያየን። የናሆምን ዘር ሰባት ቤት የቆጠርን ሽማግሌዎች፣ ያደረሰችንን ሰው ስምሽ ማን ነው ሳንላት ቀረን። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።