የማዳም ቅንጭብ

ጅቡቲ፣ ሄሮን ሰፈር በቤት ሠራተኝነት የተቀጠርኩላት ፈረንሳዊት ማዳም ሳሎኗ ውስጥ፣ በትልቅ የሸክላ ማሰሮ የተከለችው ነገር ነበራት። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ቅንጭብ ነው! እኛ አገር አጥር የምናጥርበትን፣ ፍየል እንኳ ዞር ብላ የማታየውን ቅንጭብ፣ ማዳም አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውልለታለች። «ወተቱ ያቃጥላል፤ ያለ ጓንት እንዳትነኪው» ስትለኝማ፣ «ቅንጭብ ለእኔ ልታስተምሪ?» አልኩ በሆዴ።

ያን ሰሞን በከባድ መኪና አዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለሰው አጎቴ፣ ከሥራ ጓደኛው ጋር ለትዳር ሊያገናኘኝ ፎቶዬን ወስዶለት ነበር። ፎቶውን የተነሳሁት በግራ ጎኔ ነው። ቀኝ ጉንጬ ላይ የምስር ክክ የምታክል ኪንታሮት ነበረችብኛ! ሰውየው ዓርብ ሊያየኝ እንደሚመጣ ስሰማ የቀረኝ አምስት ቀን ነው። ለኪንታሮት የቅንጭብ ወተት ይቀባል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ስንት ጠብታ እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም። ማዳም ዞር ባለች ቁጥር ጫፉን ቀንጠስ እያደረግሁ ጉንጬን ለቀለቅሁት። ሲያቃጥለኝ «እየሠራ ነው» እያልኩ ጨመርኩበት።

ሐሙስ ጉንጬ አብጦ፣ ውሃ ቋጥሮ ተላላጠ። በመስታወት ሳፈላልጋት ኪንታሮቷ ከእብጠቱ መሃል አለች፤ ንቅንቅ አላለችም። ማዳም ደንግጣ ስትጠይቀኝ «የጋለ ዘይት ነው» አልኳት። ሮጣ ወጥታ ቅባት ገዛችና በገዛ እጇ ቀባችኝ።

ዓርብ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር አንዲት ጭማቂ ቤት ከሰውየው ጋር ተገናኘን። ገና ሰላም ሳይለኝ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ማነው እንዲህ ያደረገሽ? አሠሪሽ ናት?»

ዝም አልኩ።

«ቤቷን አሳዪኝ! ዛሬውኑ ልብስሽን ይዘሽ ትወጫለሽ!»

እውነቱን ለመናገር፣ እንዲህ ተቆርቁሮልኝ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ዝምታው ጣመኝ። ወንበሩን ገፍቶ ሲነሳ ግን ቅባት የነካው የማዳም እጅ ትዝ አለኝ። አፈርኩ።

«ማንም አልነካኝም። ቅንጭብ ነው» አልኩት። «ለኪንታሮቷ ብዬ...»

«የምን ኪንታሮት?»

ጎንበስ ብሎ ቢፈልግ ቢፈልግ ከቁስሉ መሃል አጣት። አምስት ቀን ሙሉ ልደብቀው ስቃጠል የከረምኩትን ነገር፣ ራሴው ጣቴን ቀስሬ አሳየሁት።