የወፍ በሽታ መርፌ አይወድም

በመካነ ሰላም ዙሪያ ቢተው ባልቀጠቀጠው ማረሻ የሚያርስ ገበሬ አልነበረም። ማረሻውን ሁሉም ይፈልገዋል፤ ቢተውን ግን የሚፈልገው የለም። ቀጥቃጭ ነውና፣ ቡዳ ነው ተብሏልና፣ በድግስ ቀን ቦታው ከደጅ ነበር። አብዮቱ በመጣ ጊዜ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ፈንታው ገበያ መሀል ቆሞ፣ «ከእንግዲህ ባለሙያ እንጂ ቡዳ የለም!» ብሎ አስጨበጨበ። የቢተው ሚስት ሐረግም አጨበጨበች። ሞኝ ሆና አይደለም፤ መገፋቱ ስለደከማት ነው።

በስልሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ የቢተው ዓይን ቢጫ ሆነ። ከዚያ በፊትም ከስቶ ነበር። ግን ከርሃቡ የተረፈን ሰው ክሳት ማን ልብ ይለዋል? አገሩ ሁሉ አጥንት ነበር። ሐረግ የደነገጠችው ሰውነቱን እስኪደማ ሲያክ፣ ያቀረበችለትንም ሳይነካ ሲመልስ ስታይ ነው።

«አብሽሪ፣ ምንም አላመመኝ» ይላታል። እውነቱን ነበር፤ መጀመሪያ ላይ አላመመውም።

በዚያው ሰሞን የአገሩ ባለርስት የነበሩት ፊታውራሪ አሻግሬም ዓይናቸው ቢጫ ሆነ። የፊታውራሪ መሬት ተወርሷል፤ አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው ግን አልተወረሰም። ሳምንት ሳይሞላ በላንድሮቨር መጥቶ ወሰዳቸው።

ሐረግ ደግሞ ባሏን ደግፋ ክሊኒክ ሄደች። አገሬው ዶክተር የሚለው ድሬሰሩ አራጌ የቢተውን ሆድ ዳሰሰ። ከዚያ መርፌውን ከሚፈላው ውሃ አወጣ።

«ለጊዜው ይህን ልውጋው፤ ነገ ግን ደሴ ይሂድ። ይህ የወፍ በሽታ ብቻ አይመስለኝም፤ ሆዱ ውስጥ እብጠት አለ። ከማኅበሩ የነጻ ሕክምና ወረቀት አምጪ።»

ሐረግ የሰማችው «ልውጋው» የሚለውን ብቻ ነው። የወፍ በሽታ መርፌ እንደማይወድ፣ የተወጋ ቢጫ ሰው ውሎ እንደማያድር፣ ከእናቷ ጡት ጋር የጠባችው ነገር ነው። የቢተውን ክንድ ይዛ ከወንበሩ አስነሣችው።

«ኧረ በወላዲተ አምላክ፣ ዶክተር! ባሌን ሊገድሉብኝ ነው?»

«አንቺ ሴት፣ ስሚኝ እንጂ!»

አልሰማችውም። በወግዲ መንገድ ላይ ወዳለ ባለመድኃኒት ወሰደችው። ቢተው ሦስት ሳምንት ሙሉ የቅጠል ጭማቂ ጠጣ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ አስመለሰው። ቢጫው ወደ አረንጓዴ ከረረ። ሕመሙም ጀርባው ድረስ ዘልቆ፣ ጎንበስ ብሎ እንጂ ተጋድሞ መተኛት አቃተው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሐረግ ያኔ አራጌ ከማኅበሩ አምጪ ያላት ወረቀት ትዝ አላት።

ፈንታውን ደጁ ላይ ማረሻ ሲያበጅ አገኘችው።

«እኔ ምን ላድርግ ሐረግ? ወረቀቱ ለአባል ነው። ማኅበሩ የገበሬ ነው። ቢተው መሬት የለው፣ በምን አባል ይሁን?»

«የያዝከውን ማረሻ ማን ሠራው?»

ፈንታው እጁ ላይ ያለውን ብረት አየና አቀረቀረ። «በስብሰባ ይቅረብና እናያለን» አላት። ክፉ ሰው አልነበረም። ስብሰባው ግን አዝመራ ደርሶ ተላለፈ፤ ሞት ደግሞ ስብሰባ አይጠብቅም። ቢተው ታኅሣሥ በገባ በሳምንቱ ሞተ። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ገና ሁለት ወር አልሞላውም።

ፊታውራሪ በጥር ተመለሱ። ከስተዋል፤ የዓይናቸው ቢጫ ግን ጠርቷል። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ሐረግ ከሩቅ አየቻቸው። የባሕር ማዶ ኪኒን ውጠው ይሆናል አለች በሆዷ፤ መርፌማ ቢወጉ የት ይተርፉ ነበር! በዚህ ሐሳብ ተጽናንታ ከረመች።

እሳቸውም በሁለተኛው ዓመት ሞቱ። ለቀብራቸው አገር ወጣ። ሐረግ እንደ ልማዷ ከሰው ራቅ ብላ ቆመች፤ ቡዳ የለም ከተባለ ወዲህም ቦታዋ ያው ነው። ሆስፒታል ድረስ ሄዳ ፊታውራሪን ያስታመመችው ሠራተኛቸው ቦጋለች፣ እንባዋን እየጠረገች አጠገቧ መጣች።

«የቢተውም ሕመም ይኸው ነበር አሉ። የጌታዬን ሆድ ቀደው ሲያዩት ከጨጓራቸው ኋላ ነቀርሳ ኖሯል። የሚቆረጠውን ቆረጡ፣ ለሐሞቱም ሌላ መንገድ አበጁለት። ተመልሶ ይመጣል፣ እስከዚያው ግን ዕድሜ ያገኛሉ አሉን። ይኸው ሁለት ዓመት አገኙ።»

«መርፌስ?» አለች ሐረግ።

«የምን መርፌ?»

«ወግተዋቸዋል?»

«ጠዋትና ማታ ነዋ! መቀመጫቸው ወንፊት እስኪሆን።»

ሐረግ ቀኝ እጇን አየች። ቢተውን ከወንበር ያስነሣችበት እጅ ነው። ከዚያ ባለችበት ዘፍ አለችና ጮኸች። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አያት። የቀጥቃጩ ሚስት ለፊታውራሪ ከልጆቻቸው በላይ አነባች ተባለ፤ ሁለት ወይዛዝርት መጥተው ደግፈው ወሰዷትና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከመሀላቸው አስቀመጧት።

«ሁለት ዓመት! ሁለት ዓመት!» እያለች ደረቷን ትደቃለች።

ፊታውራሪ የታመሙበትን ዘመን የምትቆጥር መሰላቸው። እነሱም ተቀብለዋት፣ «ሁለት ዓመት!» እያሉ አብረዋት አለቀሱ።