ቀና ብለህ ግጭ

«ጦር ከየት አምጥተህ ነው የሰው ልጅ የወጋኸው?»

አባባ ይህንኑ እየደጋገመ ይጮሃል፣ ወንድሜ ዮናስ ሳቁን መያዝ አቅቶት ግድግዳ ተደግፏል። ስልኩን ያነሱት ጎረቤታችን ጋሼ ታደሰ ነበሩ፤ በሰፈሩ እንግሊዝኛ የእሳቸው ነበር። የአሜሪካን ፉትቦል አሠልጣኙ ዮናስ ባለፈው ጨዋታ በ«ስፒሪንግ» ከሜዳ እንደወጣ፣ አርብ እንዲሰለፍ ከተፈለገ አባቱ መጥቶ እንዲያነጋግረው ሲነግራቸው፣ «ልጅህ በጦር ወግቷል ይላል» ብለው ተረጎሙ። ስፒር ጦር አይደል?

ዮናስ ለጨዋታ ራሱ ላይ የሚያጠልቀው የዚያ ሄልሜት ሽታ፣ እርጥብ ስፖንጅና ላብ፣ አሁንም ድንገት ይመጣብኛል። ሰመር ላይ ዮናስ ከልምምድ ሲመለስ በረንዳ ላይ ይሰቅለው ነበር፣ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ግን ሳሎን ያስገባው ነበርና እስከ በረዶ ድረስ ቤታችን እሱን እሱን ይሸት ነበር። አባባ ግሮቭፖርት ካለ የዕቃ መጋዘን ማታ ማታ ስለሚሠራ፣ አንድም ጨዋታ አላየም።

«ጦር የለም፣ አባባ። ራሴን ደፍቼ በሄልሜቴ አናት ተጋጣሚዬን ገጨሁት። ክልክል ነው። ቀና ብለህ፣ እያየኸው ነው የምትገጨው።»

«አንገትህን ስለደፋህ ቀጡህ?» አባባ ወደ ጋሼ ታደሰ ዞረ። «አንገቱን የሚደፋ ልጅ ብዬ ነው እኮ ያሳደግኩት! እያፈጠጠ ሲማታ ነው ጨዋ የሚባለው?»

«አሜሪካ ነው፤ ምን ታደርገዋለህ» አሉ ጋሼ ታደሰ።

አባባ እውነቱን ነበር። ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው ሲያናግረን ዓይናችን ምንጣፉ ላይ ይተከል ነበር፣ ትምህርት ቤት ደግሞ መምህሮቻችን አገጫችንን ቀና አድርገው «እየኝ» ይሉን ነበር።

አባባ ለሥራ ጫማውን እያሰረ ለዘብ አለ። «እሺ፣ ነገ አነጋግረዋለሁ። ግን ደፍቶ መግጨትን ለምን ከለከሉት?»

ዮናስ ደስ ብሎት ተቻኮለ። «አንገት ስለሚሰበር ነዋ! ፓራላይዝ፣ ሽባ ያደርጋል።»

የአባባ እጅ ክሩ ላይ ቆመ። «የማን አንገት?»

«የገጪው።»

«የአንተ?»

ዮናስ ሄልሜቱን ከወለሉ አነሳ።

«በቃ። ከዛሬ ጀምሮ ኳስ የለም።»

«አባባ! ሕጉ እኮ የወጣው እንዳይሰበር ነው!»

«እንዳይሰበር ሕግ ካወጡ፣ ሲሰበር አይተዋል ማለት ነው።»

ዛሬ ፓርክ ውስጥ ሕፃናት «ቀና! ቀና!» እየተባሉ ሲሠለጥኑ ሳይ፣ አባባ ልክ እንደነበር አምንና ወዲያው እናደዳለሁ፤ ዛሬ ወላጅ መስመሩ ዳር ቆሞ ይጠይቃል፣ ያስረዱታል፣ እኛ ቤት ግን የሚያስረዳው ልጁ ራሱ ነበር፣ አጥርቶ ባስረዳ ቁጥርም የሚከለከለው እሱው ነበር።

«ሄልሜቱን ወዲህ በል» አለው አባባ።

«የትምህርት ቤት ነው» አለ ዮናስ። ብብቱ ሥር አድርጎት፣ ጋሼ ታደሰን እንኳ ደህና ያምሹ ሳይል ወጣ። በሩ ተዘጋ።