አማቴ የሰገዱለት ሥዕል

አማቴ ዛሬ ጠዋት ጸሎት ላይ እንዳሉ «በስመ አብ!» ብለው ጮኹ። የወደቁ መስሎኝ ከኪችን ሮጬ ደረስኩ።

«ልጄ፣ ይሄ አብርሃም አይደለም እንዴ?» አሉኝ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል እየጠቆሙ።

ሥዕሉን ያመጣሁት ኦግደን ከተማ ካለ ትሪፍት ስቶር፣ ያገለገለ ዕቃ በርካሽ ከሚሸጥበት ሱቅ ነው። ተራራ፣ ወንዝ፣ መሠዊያ የከበቡ ሰዎችና አንድ በግ አለው። እውነቱን ለመናገር የወደድኩት ፍሬሙን ነው፤ ከሶፋዬ ጋር ማች ያደርጋል።

የሰቀልኩት በምሥራቅ በኩል ነው። አማቴ ደግሞ ዓይናቸው በሞራ ተጋርዶ ስለነበር የአብርሃም መሥዋዕት መስሏቸው አራት ወር ሙሉ እሱ ፊት ሲሰግዱ ከረሙ። ሞራው በኦፕሬሽን የተነሳላቸው በዚህ ሳምንት ነው።

ዛሬ አጥርተው አዩት። ሰዎቹ በጉን የሚያርዱት ዛፍ ሥር ለቆመ፣ ቀንድ ላለው የድንጋይ ጣዖት ነው። እኔም ልብ ብዬ አላየሁትም ነበር።

«እማማ፣ እግዚአብሔር እኮ የሚያየው ልብዎን ነው» አልኳቸው። ለመሳቅም ሞከርኩ።

እሳቸው አልሳቁም። ሆዴን ሆዴን ያያሉ። «እዚህ ቆሜ የለመንኩት ልጅ እንዲሰጥሽ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

ከስድስት ዓመት ጥበቃ በኋላ አርግዤ ሦስተኛ ወሬን ይዣለሁ።

ሥዕሉን አውርጄ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ጋራዥ አቆምኩት። መጣሉንም ፈራሁ። እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ፤ አማቴ የጠየቁኝን ምን ብዬ ልመልስላቸው?

«ታዲያ የሰማኝ ማን ነው?»