ነጭ ልብስና የፊልም አውሮፕላን

አብራኝ የምትኖረው ዘሃራ ዛሬ ውሃው የሚንጠባጠብ ልብስ ከገመድ ላይ እየገፈፈች ወደ ቤት ሮጣ ገባች!

እዚህ ሰው አገር፣ ዴም በሚባለው ሰፈር ባለችው ቤታችን የድሮ ባለቀለም የጦርነት ፊልም ከፍቼ ነበር። ቦምብ ጣዩ አውሮፕላን ሲያምር፣ ሰማዩ ሲያምር! ድምፁን ለቀቅኩት። (መቼም እኔ ጎረቤት ሁሉ ካልሰማ አይጥመኝም።)

«ያላ ዘሃራ፣ ፊልም እኮ ነው!» ብዬ ሳቅኩባት።

ለካ የያዘችው ነጭ ነጩን ብቻ ነው፤ ቀለማሙን እዚያው ትታዋለች።

«አውቃለሁ እትዬ» አለችኝ። «ወሎ እያለን ‹ነጭ አታስጡ፣ አውሮፕላን ያየዋል› ይሉን ነበር። የእናቴን ነጠላ ግን ያሰጣሁት እኔ ነኝ። ቦምቡ ሲወድቅ እሷ ቤት ውስጥ ነበረች።»

ቴሌቪዥኑን ዘጋሁት። ነጩን ልብስ አብረን ቤት ውስጥ አሰጣነው።

እናንተስ፣ የአውሮፕላን ድምፅ ስትሰሙ እጃችሁ ሳታዙት ምን ያደርጋል? እስቲ ንገሩኝ።